አያት በ1954ቱ፣ የልጅ ልጅ በስልኳ፦ ቁጥር 21 የት ሄደ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት አብዛኛውን ሳምንት ከከተማ ውጭ ነው። አባቱ፣ አማቴ፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ጊዜ በሽማግሌነት አገልግለዋል። ማታ ማታ የቤተሰቡን ጸሎት የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። የሚነበበው የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ነው፤ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ሲዘጋ ጎተራ ውስጥ ደብቀው ያተረፉት። ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፤ ሕዳጉ ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

ከአንድ ወር በፊት ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ላይ ደረስን። አማቴ ዓይናቸው ስለደከመ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጄን “አንብቢ” አሏት። እርሷም ስልኳ ላይ ያለውን አዲሱን መደበኛ ትርጉም ከፍታ አነበበች፤ ከቁጥር 20 ወደ 22 አለፈች። “21ን ዘለልሽው” አሏት። “እዚህ ላይ የለም” አለች። እርሳቸው በቃላቸው “ይህ ዓይነት ግን ከጸሎትና ከጦም በቀር አይወጣም” አሉና፣ “ጦምን የቆረጠ እጅ ሌላስ ምን አይቆርጥም? ይህን ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይ!” ብለው ተቆጡ። ልጄም “የእርስዎ መጽሐፍ አይገባኝም እኮ፤ ለዚህ ነው” አለችና እያለቀሰች ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት አትቀመጥም።

በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ቡድን ደግሞ አዳዲሶቹ ትርጉሞች ብዙ ሺህ ቃላት ሰርዘዋል የሚል መልእክት እየዞረ ነው። ለአማቴ አንድ ሰው አንብቦላቸው ይባስ ጠንክረዋል። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ለፋሲካ መጥታ ወሬውን ስትሰማ “የሁለታችሁም ጎደሎ ነው፤ ሰማንያ አንዱ የት አለ?” ብላ ሳቀች። እኔ መሐል ላይ ቀርቻለሁ። እውነት ተቆርጧል? ልጄ የትኛውን ታንብብ? አማቴን ሳላስቀይም ወደ ጸሎት እንዴት ልመልሳት?

መሐል የቀረሁት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሣ፤ እርሱ ሳይጠራ ሌላው አይጠራም። ማቴዎስ 17፥21 አልጠፋም። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ቃሉን ከዋናው ንባብ አውጥቶ ወደ ግርጌ ማስታወሻ አውርዶታል፤ አንዳንድ ቅጂዎች ይህን እንደሚጨምሩ እዚያው ይናገራል። በታተመው መጽሐፍ ከገጹ ሥር በደቃቅ ፊደል ታገኚዋለሽ። ስልክ ላይ ግን ማስታወሻው ተሸሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ ከቃሉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ካልነኩ አይወጣም። ለቤተሰብ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምልክት ሲነካ አይታይም። ስለዚህ ልጅሽ አልዋሸችም፤ አማትሽም በባዶ ሜዳ አልደነገጡም።

ቁጥሩ መዝለሉን ልብ በዪው። 22ኛው ቁጥር 21 ተብሎ አልተጠራም፤ ቦታው ክፍት ሆኖ ቀርቷል። የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ዛሬ በምናውቃቸው መልክ ያወጣው ሮበርት ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ ነው፤ ጊዜውም 1551 እ.ኤ.አ. ነበር። እርሱ በያዘው የግሪክ ንባብ ላይ ይህ ቃል ስለነበር የራሱ ቁጥር ደረሰው። ኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ቃሉን ወደ ግርጌ ሲያወርዱ ቁጥሩን አልነኩትም። መደበቅ የፈለገ ሰው ቁጥሩን አስተካክሎ ይቀጥል ነበር፤ ልጅሽም ሳትደናቀፍ አንብባ ትጨርስ ነበር።

ታዲያ ለምን አወረዱት? ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ዛሬ የለም። ያለን ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ ብቻ ከ5 ሺህ በላይ። ኤራስመስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በ1516 እ.ኤ.አ. የግሪኩን አዲስ ኪዳን አትሞ ሲያወጣ በእጁ የነበሩት ጥቂት ቅጂዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የ12ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ሥራዎች ነበሩ። የዮሐንስ ራእይ የመጨረሻው ቅጠል ጎድሎበት፣ የጎደለውን ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተርጉሞ እስከ መሙላት ደርሷል። በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛው ኪንግ ጄምስ የተተረጎመው ከዚህ መሥመር ነው። ከዚያ በኋላ በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ሁለት ትልልቅ ቅጂዎች ለሊቃውንት ምርመራ ተከፈቱ፤ አንዱ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የኖረው፣ ሌላው ጀርመናዊው ሊቅ ቲሸንዶርፍ በ19ኛው መቶ ዘመን በሲና ቅድስት ካትሪን ገዳም ያገኘው። በሁለቱም የመጀመሪያ ጽሕፈት ውስጥ ማቴዎስ 17፥21 የለም። የሲናው ላይ ግን ከዋናው ጸሐፊ በኋላ የመጣ አራሚ ጨምሮታል። አየሽ፣ ቃሉ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ቴሌግራም ላይ አልተጀመረም፤ በዚያ ብራና ላይ ራሱ ተቀምጧል።

ወደ ግርጌ ያወረዱት ሊቃውንት የሚሉት፣ ተመሳሳይ ቃል በማርቆስ 9፥29 ስላለ ያንን በቃሉ የሚያውቅ ገልባጭ ማቴዎስ ላይም ጨምሮታል ነው። ማርቆስ ላይም ቢሆን “በጦም” የሚለው በሁለቱ ጥንታውያን ቅጂዎች የመጀመሪያ ጽሕፈት አይገኝም፤ ስለዚህ አዲሱ ትርጉም እዚያም ወደ ግርጌ አውርዶታል። ይህን ከአሁኑ ብታውቂ ይሻላል፣ ማርቆስ ላይ ስትደርሱ ሁለተኛ ማዕበል እንዳይነሣ። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ፣ አብዛኛው የግሪክ ቅጂ ቃሉን ይዟል፣ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ያነበበችው ይህን ነው፣ አንድ ቅጂ በዕድሜ ስለቀደመ ብቻ ትክክለኛ አይባልም ይላሉ። ይህም የጅል ክርክር አይደለም። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የእምነት ቃል፣ የሐዋርያት ሥራ 8፥37፣ በጥንታውያኑ ቅጂዎች የለም፤ ሆኖም ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ ገና በ2ኛው መቶ ዘመን ጠቅሶታል። ከሁለቱ ቅጂዎች በመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል ማለት ነው። ለእኔ በማቴዎሱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ክርክር ይበረታል፤ አማትሽ ግን ሁለተኛውን ቢመርጡ ከብዙ አማኞች ጋር ናቸው።

ጾም ራሱ በዚህ ቁጥር ላይ አልቆመም። በማቴዎስ 6፥16 ጌታ “ስትጦሙ” ብሎ ነው የሚጀምረው፤ “ብትጦሙ” አላለም። በማቴዎስ 9፥15 ሙሽራው ሲወሰድ ይጦማሉ ይላል። በአንጾኪያ ያሉት ጳውሎስንና በርናባስን የላኳቸው ጾመውና ጸልየው ነው፣ የሐዋርያት ሥራ 13፥3። እነዚህ ሁሉ በልጅሽ ስልክ ላይ በዋናው ንባብ ውስጥ አሉ። ጾምን ለማጥፋት የተነሣ ተርጓሚ ቢኖር ኖሮ ሥራውን በጣም አበላሽቶታል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አጠቃቀሙን ግን አደራ። የአማትሽን የ1954 መጽሐፍ 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ ግለጪው። “መንፈሱም እውነት ነውና የሚመሰክረው መንፈሱ ነው” ይላል። ኪንግ ጄምስ በዚያው ስፍራ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት እንዳሉ፣ አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ፣ ሦስቱም አንድ እንደሆኑ የሚናገር ዐረፍተ ነገር አለው። ኤራስመስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞቹ ትቶት፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በ1522 እ.ኤ.አ. ያስገባው ነው። የ1954ቱ ግን ይህን ዐረፍተ ነገር አልያዘም። በሚዞረው መልእክት መለኪያ ብንሄድ አማትሽ ጎተራ ውስጥ የደበቁት መጽሐፍም “ሥላሴን የቆረጠ” ሊባል ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁም፤ ደግሞም መባል የለበትም።

ይህን በልጆች ፊት እንዳታነሺባቸው። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ የሚወዱት መጽሐፍ በምራታቸው ጣት ሲታማ ቢያዩ ጆሯቸውን ይዘጋሉ፤ አይፈረድባቸውም። ማስረጃው ለአንቺ መረጋጊያ ይሁን። ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው ገልጠው ያነበቡት ዕለት ብቻ ይጠቅማል።

የልጅሽ ችግር ሌላ ነው። እርሷ ስለ ግሪክ ቅጂ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ያለችው “አይገባኝም” ነው። አማትሽ የተጣሉት ከየትኛው ቅጂ ተተረጎመ በሚለው ላይ ነው፤ እርሷ የተጣላችው ከአማርኛው ጋር ነው። ሁለቱን ነጣጥለሽ ያዢ። የ1954ቱ ራእይ 2፥23 ላይ “ኵላሊትንና ልብን የምመረምር” ይላል። ለአማትሽ ይህ የሰውን ስውር ሐሳብ የሚያይ አምላክ ነው፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን የሆስፒታል ወረቀት ነው። አዳዲሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በኩላሊት ፈንታ ሐሳብን ያስገባሉ። እርሷ የፈለገችው ይህንን ነው፤ በደል አይደለም።

አማትሽም ባያስረዱትም በደመ ነፍስ የያዙት ቁም ነገር አለ። ቀለል ያለ ትርጉም አንባቢው ሊወስን የሚገባውን አንዳንዴ ቀድሞ ይወስናል። ጳውሎስ “ሥጋ” ሲል ገላ ማለቱ ነው፣ ድካም ነው ወይስ ኃጢአተኛው ሰውነት? ቃል በቃል የሚሄደው ትርጉም “ሥጋ” ብሎ ያልፍና ለአስተማሪው ይተወዋል፤ አፍታቺው አንዱን መርጦ ይጽፈዋል። አዲሱ ዓለም አቀፍ የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ለብዙ ዓመታት “ኃጢአተኛ ተፈጥሮ” እያለ ሲጽፍ ኖሮ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. እርማቱ በአብዛኛው ስፍራ ወደ “ሥጋ” ተመልሷል። ስለዚህ በጥንቃቄ ለማጥናት የ1954ቱን የመሰለ ጠበቅ ያለ ንባብ አጠገብ መኖሩ ጥቅም አለው። ለልጅሽም ይህን ንገሪያት፦ የአያቷ መጽሐፍ ስለከበደ ብቻ ያረጀ አይደለም።

ይህ ጠብ በእናንተ ቤት አልተጀመረም። በ403 እ.ኤ.አ. ገደማ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለጄሮም በጻፈው ደብዳቤ፣ በዛሬዋ ትሪፖሊ አንድ ጳጳስ የጄሮምን አዲስ የላቲን ትርጉም ሲያስነብብ ሕዝቡ እንደታወከ ይነግረዋል። ምክንያቱ በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 ላይ ነቢዩን ያጠለለችው ተክል ናት። የእኛው 1954 “ቅል” የሚላትን ጄሮም በሌላ የሐረግ ስም ጠርቷት ነበር። ለትውልድ ሲሰማና ሲዘመር የኖረው ቃል ተለወጠ ብለው ጮኹ፤ ጳጳሱም ሕዝቡ ጥሎት እንዳይሄድ ንባቡን አርሟል። ያ የተጮኸበት የጄሮም ትርጉም ኋላ በምዕራቡ ዓለም ከሺህ ዓመት በላይ ዋና መጽሐፍ ሆነ፤ በተራው እርሱን የነካ ሁሉ ተጮኸበት። የ1954ቱም ሲወጣ አዲስ ነበር። ከእርሱ በፊት የአማርኛ አንባቢ እጅ ላይ የነበረው አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው፣ በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉው የታተመው መጽሐፍ ነው።

የእናትሽን ሳቅ በአጭሩ ልመልሰው። የእርሷ ጥያቄ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ ስለ መጻሕፍት ቁጥር እንጂ ስለ ትርጉም አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምራ 81 ትቆጥራለች፤ ብሉይ ኪዳኗም በግእዝ በኩል ከግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የተቀዳ ነው። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከዕብራይስጡ ጋር 66 ይቆጥራሉ። ይህን ማዕድ ላይ አትፈቱትም። ስለ ክርስቶስ ምልጃ የሚያከራክረውን ሮሜ 8፥34ንም ከእናትሽ ጋር ለቡና ሰዓት አታቅርቡት፤ የሁለቱ ወገን ሰባኪዎች ስንት ዘመን የተሟገቱበት ስፍራ ነው። መዝሙር አብራችሁ ስታነቡ ግን ቁጥሩን አስቀድሙ፤ “ማረኝ” በእርሷ ዳዊት 50ኛ ነው፣ በልጅሽ ስልክ 51ኛ። ከ10 እስከ 147 ባለው አብዛኛው ክፍል የአንድ ልዩነት አለ፤ ይህን ባለማወቅ “መዝሙሩን ሳይቀር ለወጡት” የሚል ሰው ይነሣል።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ደብዳቤሽን ስናነብ ሦስት ነገር ልንጠይቅሽ ወደድን። አማትሽ “ይህን ነገር እንዳላይ” ያሉት ትርጉሙን ነው ወይስ ስልኩን? ምናልባት የከነከናቸው ጸሎት ላይ ስልክ መብራቱ ነው፤ ያ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል። ልጅሽስ ያልገባት የትኛው ቃል ነው? “ሁሉም” ካለች ቃሉ ሳይሆን ንባቡ ረዝሞባት፣ ወይም በታናናሾቿ ፊት መቆጣታቸው አሳፍሯት ይሆናል። ባለቤትሽስ ይህን ሁሉ ያውቃል? በደብዳቤሽ ውስጥ ከከተማ ውጭ ነው ከማለት በቀር ስሙ አልተነሣም። አባቱን ማናገር የእርሱ ድርሻ ነው፤ ምራት ከአማቷ ጋር ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ብትከራከር ብታሸንፍም ትከስራለች።

ከልጅሽ ጀምሪ፤ ለብቻዋ። “አያትሽ ልክ ናቸው” ወይም “አንቺ ልክ ነሽ” በማለት አትክፈቺው። ማስታወሻዋን ስልኳ ላይ አብራችሁ ፈልጉ፤ ስታገኘው ራሷ ትገረማለች። ቀጥለሽ ያ መጽሐፍ ጎተራ ውስጥ የከረመበትን ዘመን ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ልጆች ብዙ ጊዜ “በደርግ ጊዜ” የሚለውን ይሰማሉ እንጂ ቢያዝ ምን ይደርስ እንደነበር የነገራቸው የለም። “አይገባኝም” ያለችው ቃል እዚያ ሰው ላይ እንዴት እንዳረፈ ከዚህ በኋላ ራሷ ታየዋለች። ይቅርታ ብትጠይቅ ስለ አነጋገሯ ብቻ ይሁን፤ ያነበበችው ትርጉም ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም።

ከአባቱ ጋር የሚደረገው ንግግር ባለቤትሽ በሚመጣበት ቅዳሜ ይሁን፣ በቀን፣ ከጸሎት ሰዓት ውጭ። የታተመ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይዞ ይቅረብ፤ ስልክ አይያዝ። ማቴዎስ 17ን ገልጦ ግርጌውን ያሳያቸው፤ ዓይናቸው ካልቻለ ያንብብላቸው። ከዚያ ማስረዳት ሳያበዛ፣ “አባባ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?” ብሎ ዝም ይበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው፤ ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ሲና፣ ቫቲካን እያለ ይደረድርላቸዋል። “ቢሆንም አልወደውም” ቢሉ ያ መልስ ነው፤ ይቀበለው። መጋቢውን ወይም ሌላ ሽማግሌ ለዳኝነት አትጥሩ፤ የቤት ነገር የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሲሆን ማንም ወደኋላ መመለስ አይችልም።

ጸሎቱን መልሶ ለማስጀመር እንዲህ ሞክሩ። ዋናው ንባብ ከእርሳቸው መጽሐፍ ይሁን፤ ዓይናቸው ስለደከመ ከዚያው ከ1954ቱ የምታነብላቸው ልጅሽ ትሁን። ከዐሥር ወይም ከዐሥራ ሁለት ቁጥር አትለፉ። ከዚያ ያንኑ ክፍል ከአዲሱ አንድ ጊዜ ታንብበው፤ እርሳቸው አዲሱ ጮክ ብሎ እንዲነበብ ካልፈቀዱ በራሷ ቃል ትተርከው። አንድ ቁጥር ከዚህ፣ አንድ ቁጥር ከዚያ እያፈራረቃችሁ ግን አታንብቡ። ዐረፍተ ነገሩ መሐሉ ላይ ይሰበራል፤ በቀላል አማርኛ የተዘጋጁት ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ቁጥር አዋሕደው ስለሚያስቀምጡ ተራው ይጠፋባችኋል። ልዩነት የሰማ ሰው እዚያው አይከራከር፤ ደብተር ላይ ይጻፍ፦ ቁጥሩ፣ የ1954ቱ ንባብ፣ የአዲሱ ንባብ፣ ግርጌው የሚለው። በሳምንት አንድ ቀን ደብተሩን ክፈቱት። ከሁሉ አስቀድማችሁ የሚያውቁትን እንዲነግሩ አማትሽን ጠይቁ፤ በሕዳጉ የጻፉት ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው።

ለጊዜው ወንጌላትን ተዉአቸው። ማርቆስ 16፥9-20፣ መልአኩ ውኃውን ያናውጥ ነበር የሚለው ዮሐንስ 5፥4፣ በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክ ከዮሐንስ 7፥53 ጀምሮ፣ ሁሉም የዚህ ዓይነት ማስታወሻ ያለባቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ብዙ አይደሉም። ወደ 8 ሺህ ከሚጠጉት የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ሙሉ በሙሉ ወደ ግርጌ የወረዱት ከደርዘን ጥቂት ቢበልጡ ነው። ግን ቁስሉ ሳይደርቅ መንካት አያስፈልግም። ከመጽሐፈ ሩት ጀምሩ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ የአማትና የምራት ታሪክ ስለሆነ ለእናንተ ቤት አያንስም። ቀጥላችሁ ፊልጵስዩስ፣ እርሱም አራት ነው።

የቴሌግራሙን መልእክት በተመለከተ ቡድኑ ውስጥ ገብተሽ አትሟገቺ። ለአማትሽ እንደገና የሚያነብላቸው ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቅ። የትኛው ቁጥር ነው የተሰረዘው? ከየትኛው መጽሐፍ ጋር ተነጻጽሮ ነው? ግርጌውስ ምን ይላል? ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነገሩ ይጠራል። እንዲህ ያለው ቆጠራ በብዛት የሚሠራው ኪንግ ጄምስን መለኪያ አድርጎ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ሲጽፉት ደግሞ መለኪያው 1954ቱ የሆነ ያስመስሉታል፤ የ1954ቱ ራሱ በዚያ መለኪያ እንደሚጎድል አይተናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አማትሽ “በእኔ ጸሎት ላይ አዲሱ አይነበብም” ቢሉ የማታውን ጸሎት በእርሳቸው መጽሐፍ አድርጉት። ልጅሽ የራሷን በክፍሏ ታንብብ፤ በድብቅ ሳይሆን እያወቁ። “አያቴ፣ ዛሬ ያነበብነውን በእኔኛው እንዲህ ይላል” የምትልበት ቀን ሳይጠበቅ ይመጣ ይሆናል። ባይመጣም ሁለቱ ምዕራፍ 17 ላይ ተጣልተው ከሚቀሩ ይሻላል።

የትኛውን ታንብብ ላልሽው፣ የሚገባትን ታንብብ፤ ያም አሁን አዲሱ መደበኛ ትርጉም ነው። ሆኖም በወረቀት ግዢላት፤ ስልኩን ከጸሎቱ ማራቅ ብቻውን ግማሹን ቁጣ ያበርዳል። ከመክፈልሽ በፊት ሱቁ ውስጥ ማቴዎስ 17ን ገልጠሽ ከገጹ ሥር እዪ። ማስታወሻ ከሌለው ሌላ እትም ጠይቂ። ፊደሉም ሰፋ ያለውን ምረጪ፤ አማትሽ አንድ ቀን ሳይገልጡት አይቀሩም።